ከአዛዡ በኋላ ማን ያዛል?

የጦር አለቃን ብዙ ጊዜ የምንመዝነው በአሟሟቱ ነው። እንዴት እንደ ወደቀ እንተርካለን እንጂ እርሱ ከወደቀ በኋላ ሠራዊቱ ምን እንደ ሆነ አንጠይቅም። በ1928 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የኦጋዴን ዘመቻ ሳስብ ግን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

እንደ ጢቾ ባለ ደጋ፣ ገብስ በሚበቅልበትና ምንጭ በየሸንተረሩ በሚፈልቅበት አገር ለኖረ ሰው የበረሓ ጦርነት ቶሎ አይገባውም። በደጋ የተበተነ ጦር ከአንዱ መንደር ውሃና እህል አግኝቶ እንደ ገና ይሰበሰባል፤ በበረሓ ግን የውሃ ጕድጓዱን የለቀቀ መንገዱንም ለቋል። ከደጃዝማች አምደ ሚካኤል ጋር ከአርሲ የዘመቱት ወገኖቻችንም የገቡት ወደዚሁ ምድር ነው።

ቆራሄ የጕድጓድ ውሃ ያለበት፣ ወደ ደገሃቡርና ወደ ጅጅጋ የሚወስደውን መንገድ የሚጠብቅ ምሽግ ነበር። በጥቅምት ወር የኢጣልያው ጄኔራል የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ሲደበድቡት፣ አዛዡ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በአውሮፕላን መቃወሚያው መድፍ ላይ ራሳቸው ቆመው ተዋጉ። በቆሰሉም ጊዜ ወደ ኋላ ሄደው እንዲታከሙ ቢለመኑ እንቢ አሉ፤ እርሳቸው ከሄዱ ሠራዊቱ እንደማይቆይ ያውቁ ነበር ይባላል። እንደ ፈሩትም እርሳቸው ሲሞቱ ሠራዊቱ ምሽጉን ለቆ ሄደ።

ጀግንነታቸውን የሚነቅፍ አንደበት የለኝም፤ ደጃዝማችነት ከሞቱ በኋላ የተሰጣቸውም በሚገባ ነው። የምነቅፈው የአንድ ምሽግ ዕድል በአንድ ሰው ትንፋሽ ላይ የተንጠለጠለበትን አሠራር ነው። ወታደሩ እንደ እርሳቸው የሚታዘዘው ሌላ አለቃ አልተገኘም። ወታደራችን ፈሪ ነበር እንዳይባልም፣ በኅዳር መጀመሪያ አናሌ ላይ የማሌቲን ባለሞተር ጦር ገጥሞ ታንኮቹን አሰናክሏል። እርግጥ ነው፣ ያ ሁሉ አውሮፕላንና ካሚዮን ቆራሄን በመጨረሻ ሳያስለቅቅ አይቀርም ነበር። ዳሩ ግን በትእዛዝ ማፈግፈግና አለቃ አጥቶ መበተን አንድ አይደለም።

ሙሴ ሕዝቡን በምድረ በዳ ሲመራ ኖሮ፣ ሳይሞት በጉባኤው ሁሉ ፊት እጁን በኢያሱ ላይ ጫነ። በበረሓ የሚመራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አያገኝም።

ነገሩም ለጦር አለቃ ብቻ የተነገረ አይደለም። «እኔ ከሌለሁ ይፈርሳል» እያለ የሚመካ ዳኛ፣ የእድር ሹም ወይም አባወራ ጉድለቱን በራሱ አፍ ይመሰክራል። እንግዲህ ለልጆቻችን ስለ ደጃዝማች አፈወርቅ ስንነግራቸው አሟሟታቸውን በክብር እንንገራቸው፤ ቀጥለንም ከእርሳቸው በኋላ ማን ማዘዝ ይገባው እንደ ነበረ እንጠይቃቸው።