መጋዝ የሚያዜምበት አልበም

ኒውትራል ሚልክ ሆቴል የተባለው የአሜሪካ ባንድ ሁለተኛና የመጨረሻ አልበሙን፣ «ኢን ዘ ኤሮፕሌን ኦቨር ዘ ሲ»ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ግጥሞቹ ግራ ያጋባሉ። ጠርሙስ ውስጥ የሚኖር ባለ ሁለት ራስ ልጅ አለ፤ በካሮት አበባ ላይ የነገሠ ንጉሥ አለ፤ የሞቱ ሰዎች እንደ ፍቅረኛ ይናፈቃሉ። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት የለመደ አድማጭ እዚህ እጁ ባዶ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ጉድ በላዩ ላይ ለተዘፈነበት አሠራር ግን ጆሮውን ቢሰጥ ይክሰዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አልበሙ ስሙን የወሰደበት ዘፈን የሚዞረው ጊታር ጀማሪ ሁሉ በሚለማመዳቸው አራት ኮርዶች ላይ ነው። ዜማው ቀጥሎ ወዴት እንደሚያመራ ጆሮ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ግጥሙ የትም ቢሮጥ ሰሚው አይጠፋም።

እዚያው ዘፈን ላይ ጁሊያን ኮስተር መጋዝ ይጫወታል። ተራ የእንጨት መጋዝ፦ እጀታው በጉልበቶች መሐል ተይዞ፣ ብረቱ በእጅ ተቆልምሞ፣ ጥርስ የሌለው ጠርዙ በቫዮሊን ደጋን ይገዘገዛል። ብረቱ ሲጎብጥና ሲላላ ድምፁ እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰው የሚያንጎራጉር ይመስላል፤ ቃል ግን የለውም። ዘፋኙ ጄፍ ማንገም ቃል በሚያዥጎደጉድበት ዘፈን ውስጥ ቃል የሌለው ሁለተኛ ድምፅ ማስገባት የዋዛ ምርጫ አይደለም።

ቀረጻው የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ1997 በዴንቨር ከተማ፣ በፕሮዲውሰሩ በሮበርት ሽናይደር እጅ ነው። ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ኦ ካምሊ» የተቀዳበት መንገድ የአልበሙን ጠባይ ያሳያል። ሽናይደር የፈለገው የማይክሮፎኑን ልክ ለማስተካከል ማንገም ጥቂት እንዲሞክር ነበር፤ እሱ ግን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ዘፈነው። ያው ሙከራ አልበሙ ላይ ገባ። መጨረሻው ላይ ጆሮውን ያቀና ሰው፣ ጥሩምባ ነፊው ስኮት ስፒሌን በመገረም ከርቀት ሲጮህ ይሰማል። አልቆረጡትም። በአልበሙ ማብቂያም ማንገም ጊታሩን አስቀምጦ ሲሄድ ይሰማል፤ እሱንም ተዉት።

ይህ መተው ስንፍና አይደለም። ማንገም ዘፈኖቹን ከመጻፉ በፊት በናዚዎች ካምፕ የሞተችውን የታዳጊዋን የአን ፍራንክን የዕለት ማስታወሻ አንብቦ ክፉኛ ተነክቶ ነበር። በ«ኦ ካምሊ» ውስጥ ጊዜን ወደ ኋላ በሚመልስ ማሽን ሄዶ አንዲትን ልጅ ለማዳን ይመኛል። ወረቀት ላይ ብቻ ቢነበብ የሕፃን ቅዠት ነው። ሲዘፍነው ግን ድምፁ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሳይታረም እንዳለ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1945 በርገን ቤልሰን ካምፕ ውስጥ የሞተችን ልጅ ማንም አያድናትም። ይህን እያወቀ የሚመኝ ሰው ድምፁ ተስተካክሎና ተወልውሎ ቢወጣ ማን ያምነው ነበር?

እንግዳ ግጥም መጻፍ አይከብድም፤ ቃላትን ማደበላለቅ ይበቃል። ከባዱ፣ ሰሚው ትርጉሙን ሳይጠይቅ እንዲያምን ማድረግ ነው። እነዚህ ልጆች ያንን ያገኙት በአራት ኮርድ፣ በአንድ መጋዝና ጉድለትን ባለመደበቅ ነው። አልበሙን አዲስ የምትጀምሩ ካላችሁ ግጥሙን ለመፍታት አትጣደፉ፤ መጀመሪያ ጊታሩንና መጋዙን ብቻ ተከተሉ። ቃሉ በሁለተኛው ዙር ራሱ ይመጣል።