የአጉሊ መነጽሩ መብራት

ከክረምት ማግሥት በአሶሳና በካማሺ ቆላ ወባ ሲበረታ፣ የሕሙሙ ደም በጊምዛ ቀለም ተነክሮ ከአጉሊ መነጽር ሥር በሚቀመጥበት ጊዜ፣ የወባውን ረቂቅ ተሕዋስ ለዐይን ለመግለጥ የተሳለው ሌንስ ሁሉ ያለ ብርሃን ከንቱ ነው። የሃሎጅኑ አምፖል ተቃጥሎ ምትክ ሲታጣ መሣሪያው ሥራ ይፈታልና፣ ባለ 3 ዋት ነጭ ኤልኢዲ በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ አጣብቆ፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በሬዚስተር መጥኖ፣ ብርሃኑን አሳስቶ የሚበትን ነጭ ፕላስቲክ ደርቦ ጽልመቱን በገዛ እጁ የሚገፍ ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል። አሉሚኒየሙ፣ ጌጥ ለሚመስለው ሁሉ፣ ሙቀቱን የሚቀበል ነው፤ እርሱ ከሌለ የኤልኢዲው ዕድሜ ያጥራል። ለነጩ ብርሃን መንገድ የጠረገው ሰማያዊው ኤልኢዲ ለፈልሳፊዎቹ ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤልን ሽልማት አስገኝቷል፤ በእኔ ሚዛን ግን ለቆላው ጤና ጣቢያ ትልቁ ትሩፋቱ፣ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ ማገልገሉ ነው።