የጎንደር ተመራቂ ኩራት

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጤና ሙያ የተመረቀ ሰው «የት ተማርክ?» ሲባል ደረቱን ቢነፋ እውነቱን ነው። የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት በጎንደር አቅራቢያ ያለውን የደምቢያን ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም ነበር፤ ኮሌጁም ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን አንድ ላይ ያሠለጥን ጀመር።

እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ያንን የቡድን ሥልጠና ነው። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አብረው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። አንዱ በሽተኛ ሲመረምር፣ ሌላዋ ቤት ለቤት ዞራ እናቶችን ስትመክር፣ ሦስተኛው ምንጭ ሲያጎለብት ወይም መጸዳጃ ሲያስቆፍር ይውላል። አንድ በሽታ ሕክምናም፣ ንጹሕ ውኃም፣ ምክርም እንደሚፈልግ እዚያው በዓይናቸው ያያሉ። ተመራቂዎቹ ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያነሡት ያንን ጤና ጣቢያ ቢሆን አይገርመኝም።