ስለ ዊንዶውስ 11 የብቃት መመዘኛ፤ «አይሆንም» የሚለው ፍርድ ሲመረመር

አንድ ላፕቶፕ አንድን ሥርዐተ ክወና ለመሸከም ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር ይመስላል፤ መልሱም በአንድ ቃል የሚያልቅ ይመስላል። ነገር ግን ቀረብ ብለን ስንመለከተው በአንዱ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ተጠቅልለው እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ መሣሪያው በአሠራሩ ይችላል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቢችልስ ከአደጋ ተጠብቆ ይሠራል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ የሥርዐቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስለዚህ መሣሪያ ኀላፊነት ይወስዳል ወይ የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንተቸው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያወጣውን የብቃት መመዘኛና በመመዘኛው መሠረት እንዲፈርድ የተሠራውን የመመርመሪያ ፕሮግራም ነው። ዋናው ነቀፌታችንም ሦስቱን ጥያቄዎች ሳይለይ በአንድ «አይሆንም» መመለሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጕዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ በልዩ ምዝገባ ካልሆነ በቀር የደኅንነት ማሻሻያ አይደርሰውም። በአገራችን ብዙ ተማሪ የሚሠራው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ መሣሪያው «አይሆንም» ሲባል ጥቂት መንገዶች ብቻ ይቀሩታል፤ ይኸውም አሮጌውን ሥርዐት ያለ ጥበቃ መጠቀም፣ ገንዘብ ፈልጎ ሌላ መግዛት፣ ያልተፈቀደለትን ዊንዶውስ 11 መጫን፣ ወይም ወደ ሌላ ሥርዐት መሻገር ነው። ከነዚህ የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ የ«አይሆንም»ን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

መመዘኛው በጁን 2021 ተገለጠ፤ ሥርዐቱም ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ወጣ። የሚጠይቀውም ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ባለ 64 ቢትና ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ ዩኢኤፍአይ በተባለው ስልት የሚነሣና ሴኪዩር ቡትን የሚችል መሣሪያ፣ እንዲሁም ምስጢራዊ ቍልፎችን ለብቻው የሚጠብቀው ቲፒኤም 2.0 ነው። ከዚህም በላይ ፕሮሰሰሩ ኩባንያው ባወጣው የስም ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። ዝርዝሩ በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚጀምረው ከ8ኛው ትውልድ ነው፤ በኤኤምዲ በኩል ደግሞ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ተከታታይ ነው።

አስቀድመን ለመመዘኛው የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ሴኪዩር ቡት ሥርዐቱ ከመነሣቱ በፊት ሾልኮ የሚገባን ጐጂ ፕሮግራም ለማገድ ይረዳል፤ ቲፒኤምም ዲስኩ በምስጢር ሲቈለፍ ቍልፉን ይጠብቃል። ስለዚህ ኩባንያው «ደኅንነትን መሠረት አድርጌአለሁ» ሲል ሐሰት ተናገረ አንልም። የምንጠይቀው ዝርዝሩ ይህን ምክንያት በእውነት ይከተላል ወይ ብለን ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው እንከን ይታያል። በ2016 የወጣው ኮር አይ5-7200ዩ ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ በ2017 የወጣው ኮር አይ5-8250ዩ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ከሁለት ኮር ወደ አራት ኮር አድጓል፤ የኮሮቹ ንድፍ ግን ኬቢ ሌክ የሚባለው ያው አንዱ ነው። ይልቁንም የማይክሮሶፍት የራሱ መምሪያ፣ ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ የሚባለው የመከላከያ ስልት በኢንቴል በኩል ከኬቢ ሌክ ጀምሮ፣ በኤኤምዲ በኩል ከዜን 2 ጀምሮ በፕሮሰሰሩ ርዳታ የተሻለ እንደሚሠራ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ግን በማስመሰያ ስለሚሠራ ፍጥነትን እንደሚቀንስ ይናገራል። እንግዲህ ይህ ርዳታ ያለው የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ከሞላ ጐደል ተከለከለ፤ ርዳታው የሌለው ራይዘን 5 2600 ግን ተፈቀደ። ደኅንነት ብቻውን መስመሩን ያሰመረ ቢሆን ኖሮ መስመሩ በዚህ ቦታ ባላለፈ ነበር።

ሁለተኛው እንከን በማስረጃ አቀራረብ ላይ ነው። ኩባንያው በኦገስት 2021 ባወጣው መግለጫ፣ መመዘኛውን ያላሟሉ መሣሪያዎች ከርነል በሚባለው የሥርዐቱ እምብርት ላይ 52 በመቶ የበለጠ መሰናከል እንዳጋጠማቸው፣ ያሟሉት ግን 99.8 በመቶ ከመሰናከል ነጻ ሆነው እንደ ሠሩ አስታወቀ። በመጀመሪያ ሲሰሙት 52 በመቶ የሚያስደነግጥ ቍጥር ነው። ነገር ግን «ከስንት ላይ 52 በመቶ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ1000 መሣሪያዎች 2 የሚሰናከሉ ቢሆን፣ 52 በመቶ ሲጨመርበት 3 ያህል ይሆናል፤ 500 የሚሰናከሉ ቢሆን ግን 760 ይሆናል። አንዱ ጭማሪ ችላ ሊባል የሚችል ነው፤ ሌላው መሣሪያውን የሚያስጥል ነው። በመግለጫው ላይ ላላሟሉት የተሰጠው የጭማሪው መጠን እንጂ መነሻው አይደለም፤ ስለዚህ አንባቢ የአደጋውን ትልቅነት ለመመዘን አይችልም።

ሦስተኛው እንከን የመመርመሪያው ፕሮግራም ነው። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለው ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያ ሲወጣ ምክንያቱን ሳያስረዳ «አይሆንም» ይል ነበር፤ በዚህም ብዙ ተወቅሶ በዚያው ወር ተነሣ፤ ተሻሽሎም በሴፕቴምበር 2021 ለሁሉ ተመለሰ። ምክንያቱን መናገሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለባለቤቱ ዋናው ነገር «የለም» እና «ተዘግቷል» የሚሉትን መለየት ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቲፒኤም አለ፤ ነገር ግን በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። ከዚህም በቀር በኢንቴል መሣሪያ ላይ ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ መሣሪያ ላይ ኤፍቲፒኤም ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ቲፒኤም የሚለውን ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው እያለው እንደሌለው ቈጥሮ ይመለሳል።

እውነተኛው «አይችልም» የት እንደሚገኝ ያሳየን በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው እትም ነው። ይህ እትም ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕካውንት የሚባሉትን ትእዛዛት የማያውቅ ፕሮሰሰር ላይ ፈጽሞ አይነሣም፤ ስለዚህ እንደ ኮር 2 ዱኦ ያሉት ቀርተዋል። በኢንቴል በኩል ግን እነዚህን ትእዛዛት በ2008 የወጣው ትውልድ ያውቃቸዋል። እንግዲህ ከ2008 እስከ 2017 ባለው ዘመን የተሠሩት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው «የማይችሉ» ሳይሆኑ «ያልተፈቀደላቸው» ናቸው። ኩባንያው ራሱ በ2021፣ ቢያንስ ቲፒኤም 1.2 ላላቸው መሣሪያዎች ክልከላውን ማለፊያ መንገድ ከማስጠንቀቂያ ጋር ማሳተሙ ይህንኑ ያረጋግጣል።

ሆኖም ትችታችን በአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን፣ ክልከላውን በፍላሽ አልፈው «እኔ ላይ ገባልኝ፤ ይሠራል» የሚሉትንም መንቀፍ ይገባናል። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ እንደሚባለው ነው። መጫን አንድ ነገር ነው፤ መስማማት ሌላ ነው። ዋይፋዩ፣ የስክሪኑ ድራይቨር፣ ካሜራው፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መነሣቱ፣ እነዚህ ሁሉ ከቀናት በኋላ የሚታዩ ናቸው። ከሁሉም በላይ ኩባንያው እንዲህ ያለው መሣሪያ ማሻሻያ የማግኘት መብት እንደሌለው አስጠንቅቋል። ዛሬ ቢደርሰው እንኳ ነገ እንደሚደርሰው ዋስትና የለውም፤ ዐዲስ እትም ሲወጣም ባለቤቱ እንደገና በገዛ እጁ መጫን ይኖርበታል። ደኅንነትን ፍለጋ ዊንዶውስ 10ን የተወ ሰው ይህን ሳያመዛዝን ቢቀር ወደ ሸሸው አደጋ ሊመለስ ይችላል።

ትክክለኛ ምርመራ በእኛ አስተያየት ቅደም ተከተል ያለው ነው። በመጀመሪያ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና ትውልድ ይታወቅ። ቀጥሎ በሲስተም ኢንፎርሜሽን መስኮት መሣሪያው በዩኢኤፍአይ ወይስ በአሮጌው ስልት እንደሚነሣ ይታይ፤ ቲፒኤሙም በባዮስ ውስጥ ይፈለግ። ቅንብሩ ከመለወጡ በፊት ግን ፋይሎች በሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ ዲስኩ በቢትሎከር የተቈለፈ ከሆነም የመክፈቻው ቍጥር በወረቀት ይጻፍ፤ አለዚያ ባለቤቱ ከገዛ ሥራው ውጭ ሊቀር ይችላል። ከዚያም የላፕቶፑ ሠሪ ለእያንዳንዱ ክፍል ድራይቨር ማቅረቡ ይጣራ። በዚህ ረገድ እንደ ኡቡንቱ ያሉት የሊኑክስ ሥርዐቶች ያስለመዱት ልማድ የሚመሰገን ነው፤ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ተነሥቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን መሞከር ይቻላል። ፍርዱ የሚሰጠው ከስም ዝርዝር ሳይሆን ከሙከራ ነው።

ስናጠቃልለው፣ ኩባንያው ኀላፊነት የሚወስድበትን ወሰን የመወሰን መብት አለው፤ ይህን አንከራከርም። የምንቃወመው «ኀላፊነት አልወስድም» የሚለው ቃል «መሣሪያህ አይችልም» የሚል መልክ ይዞ መቅረቡን ነው። አንድ መመርመሪያ ሦስት መልስ ቢሰጥ፣ ማለትም «ይችላል»፣ «ጥበቃው ይህን ያህል ነው»፣ «ድጋፍ አይሰጠውም» ቢል፣ ድሀው ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ዐውቆ ይመርጥ ነበር። እንዲህ ያለው መመርመሪያ እስኪገኝ ድረስ «አይሆንም» የተባለውን ላፕቶፕ ከመጣላችን በፊት የትኛው «አይሆንም» እንደ ሆነ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።