የዘገየ ርዳታ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በጎ ሥራ ሁሉ ጊዜ አለው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የቆመው በ1966 ዓ.ም.፥ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በሐሳቡ ከዚያ ይሻላል፤ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፥ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ፥ እህል ወይም ገንዘብ እንዲቀበል የታሰበ ነውና። ነገር ግን ክፍያው በብዙ ቦታ ከጊዜው መዘግየቱ ያስነቅፈዋል። ለምሳሌ በቁይ ሰብሉን በረዶ የመታበት ገበሬ ርዳታ እስኪደርስ በሬውን በርካሽ ቢሸጥ፥ ኋላ የሚመጣው ብር ዕዳ ይከፍል እንደ ሆነ እንጂ ማሳ አያርስለትም።

ነገ መዝገብ ይዘህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ፥ ፊርማህን የሚጠብቅ በሬ በበረት እንዳለ አስብ።