አንድ ዘይት፣ ብዙ ገላ፦ የዕጣን ሽቶና የሂሱ መመዘኛ

ስለ ኪነ ጥበብ ምንነት የተጻፉ አንጋፋ ድርሳናት አብዛኛዎቹ ለዓይንና ለጆሮ ያደላሉ። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ በዓይን፣ ሙዚቃና ሥነ ግጥም በጆሮ ገብተው አእምሮን ያንጻሉ ሲባል፣ አፍንጫ፣ ምላስና እጅ ግን ከደጅ እንዲቀሩ ተፈርዶባቸዋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል በሥነ ውበት ትምህርቱ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን ከኪነ ጥበብ ክልል በግልጽ አስወጥቷቸዋል። ምክንያቱም በእርሱ አስተያየት አፍንጫ አንድን ነገር የሚያውቀው ነገሩ በመትነንና በመጥፋት ላይ ሳለ ስለሆነ፣ ተመልካች ከሥዕል ፊት ቆሞ እንደሚያሰላስለው ሊያሰላስለው አይቻለውም። ካርል ማርክስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1844 በጻፋቸው ማስታወሻዎች፣ የሰው ልጅ የስሜት ሕዋሳት ተፈጥሮ እንዳወጣቻቸው የቀሩ ሳይሆኑ በታሪክ ሂደትና በሥራ የሠለጠኑ መሆናቸውን አመልክቷል። እንግዲያው ጆሮ በሙዚቃ የሚሠለጥን ከሆነ አፍንጫስ በምን ይሠለጥናል? የሠለጠነው አፍንጫ የሚሰጠው ፍርድስ ሂስ ሊባል ይችላልን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ፣ ከኤረርና ከአካባቢዋ ከተሞች የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ኤረር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ በ1917 አዲስ አበባ በገባው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ዳር ያለች፣ በፍል ውኃዋ የምትታወቅ የቆላ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተምሥራቅ ድሬዳዋ፣ ከሐረር ወዲያ ደግሞ ጅጅጋ ይገኛሉ። ወደ ደቡብ የተንጣለለው የኦጋዴን ምድር ሙጫ የሚያለቅሱ ዛፎች አገር ነው። የዕጣን ዛፎቹ የዕፅዋት ሊቃውንት ቦስዌሊያ ሪቬና ቦስዌሊያ ኔግሌክታ የሚሏቸው ናቸው። ሶማሌዎች መልመል የሚሉት ከርቤ ከኮሚፎራ ሚራ ይገኛል። ሐዲ የሚባለው ጣፋጭ መዓዛ ያለው ሙጫ ደግሞ ኮሚፎራ ጊዶቲ ከተባለ ዛፍ መሆኑ በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት ነው። ነጋዴውና አርብቶ አደሩ በአፍንጫቸው ከጥንት ጀምረው የለዩትን ልዩነት ሳይንስ በጽሑፍ ያጸናው ዘግይቶ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በዚህ አካባቢ አፍንጫ የሚሠለጥነው በቤት ውስጥ ነው። አርብቶ አደሩ የወተት ዕቃውን በመረጠው እንጨት ጭስ ያጥናል፤ ልጅም ከጡት ወደ ግመል ወተት ሲሸጋገር ጭሱን አብሮ ይለምዳል። የሶማሌ ሴቶች ዑንሲ የሚሉት የጭስ መዓዛ ደግሞ ራሱን የቻለ ድርሰት ነው። ስኳር በእሳት ቀልጦ ሲወፍር የተወቀጠ ዕጣን፣ ሰንደልና የሽቶ ዘይት ይገባበታል። ቀዝቅዞ ሲጠነክር ይሰባበርና ዳብቃድ በሚባለው ማጨሻ ፍም ላይ እየተደረገ ቤትን፣ ልብስንና ጸጉርን ያውዳል። በደጋው ቤት ቡና ሲፈላ ማጨሻ ላይ ከሚደረገው ዕጣን ጋር ዝምድና አለው። ይሁን እንጂ የቡናው ዕጣን ዛፉ እንደሰጠው ሲጨስ፣ ዑንሲው ግን የቀማሚዋን እጅ ይናገራል። አንዷ የሠራችው ከሌላዋ ይለያል፤ ለይቶ የሚያውቅ አፍንጫም አለ።

የዚህ ጥበብ ሌላው ቅርንጫፍ ሶማሌዎች ዓደር የሚሉት የዘይት ሽቶ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ተይዞ በአንጓ፣ በአንገትና ከጆሮ ኋላ ይቀባል። ከአውሮፓ እንደሚመጣው ርጭት አልኮል ስለሌለው በአንድ ጊዜ ገንፍሎ አይወጣም፤ ከገላ ሙቀት ጋር ቀስ እያለ ይነሣል። ዑንሲ አየርን ሲይዝ ዓደር የሚይዘው ሥጋን ነው። የሂሱም ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ዘይት በሁለት ሰዎች ገላ ላይ አንድ ዓይነት አይሸትም።

የልዩነቱ መንሥኤ ምሥጢር አይደለም። የዕጣንና የከርቤ ዘይት ልዩ ልዩ ክብደት ያላቸው ብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። ከኦጋዴን ዕጣን ዘይት ቀድመው የሚነሡት እንደ ፓይኒንና ሊሞኒን ያሉት ቀላል ክፍሎች፣ ጽድንና የሎሚ ልጣጭን የሚያስታውስ ትኩስ ሽታ አላቸው፤ ፈጥነውም ይበናሉ። የትግራይና የመተማ ዕጣን፣ ማለትም ቦስዌሊያ ፓፒሪፈራ፣ በአመዛኙ ኦክቲል አሲቴት የተባለ ፍሬ ፍሬ የሚል ንጥረ ነገር ስለያዘ ጠባዩ ከምሥራቁ የተለየ ነው። የከርቤ ከባድ ክፍሎች ግን ምሬትና የአፈር ጠረን እንደያዙ ለሰዓታት ይቆያሉ። ከእነዚህ ሥር ሰንደል ወይም ዝባድ ሲገባ መዓዛውን አስሮ ያቆየዋል። ዝባድ ብቻውን ሲሸተት አፍንጫ የሚያስይዝ ሆኖ ሳለ፣ በጥቂቱ ሲደባለቅ ግን ሌላውን የሚያሞቅና የሚያጸና ነው። ኢትዮጵያም ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ስታቀርበው ኖራለች።

አንድ ጠብታ ከዚህ ዘይት በሦስት ሰዎች አንጓ ላይ ቢደረግ የሚከተለው ይታያል። ቆዳው ደረቅ በሆነው ሰው ላይ ሎሚማው ክፍል ቶሎ ይበናል። ቆዳው የሚይዘው ወዝ ስለሌለው፣ ብዙ ሳይቆይ የሚቀረው መራራውና ጭስ ጭስ የሚለው ሥር ብቻ ነው። በወዛም ቆዳ ላይ ቀላሉ ክፍል ከገላው ቅባት ጋር ተዋሕዶ ይዘገያል፤ ዕጣኑና ከርቤው አብረው ይጓዛሉ፤ መዓዛውም የተሟላ ይመስላል። በሚያልበው ሰው ላይ ደግሞ በቆዳ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ላቡን ለውጠው የራሳቸውን ጠረን ያወጣሉ፤ ያም ጠረን ከከርቤው ጋር ይጋጠማል። አንዳንድ ጊዜ የተጋጠመው ይሞቃል፣ ሰው ሰው ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያንኑ ከርቤ እምክ ያሰኘዋል። የተበላው ምግብ፣ የተጠጣው መድኃኒትና ዕድሜም ድርሻ አላቸው። አየሩም እንዲሁ ነው፤ በኤረር ቆላ በግማሽ ቀን ያለቀ መዓዛ፣ ከፍ ባለችውና በነፋሻማዋ ጅጅጋ ዝግ ብሎ እስከ ማታ ሊዘልቅ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት የተሳሳቱ ፍርዶች ሲሰነዘሩ ይሰማሉ። የመጀመሪያው «መዓዛ እንደ ተቀቢው ነውና ሊተች አይችልም» የሚል ነው። ይህ አባባል ሲመረመር ግን ሙዚቃንም ከሂስ የሚያስወጣ ሆኖ ይገኛል። የትዝታ ቅኝት አንድ ነው፤ በማሲንቆና በክራር፣ በአዛውንት ጉሮሮና በወጣት ድምፅ ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ሆኖም «እውነተኛው ትዝታ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጨነቅ አድማጭ የለም። አድማጭ የሚመዝነው ቅኝቱ በየጉሮሮው ሲያልፍ ሳይፈርስ መቆየቱን፣ ድምፃዊውም ለቅኝቱ የራሱን መስጠቱን ነው። ዘይቱም እንደ ቅኝቱ ነው፤ ገላው እንደ ጉሮሮው ነው። በገላዎች ሁሉ ላይ ሳይጠፋ የሚገኘው የቀማሚው ሥራ ነው፤ የሚለዋወጠው ደግሞ የለባሹ አጨዋወት ነው። ሐያሲ ሁለቱን ከለየ መተቸት ይችላል።

ሁለተኛው ፍርድ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ይኸውም በግለሰብ ገላ ላይ የታየውን ልዩነት ወደ ሕዝብ ጠባይ ማዞር፣ «ይህ ለእነ እገሌ ወገን ይስማማል፣ በእነ እገሌ ላይ ግን ይከረፋል» ማለት ነው። በባቡር ጣቢያ ከተሞች፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ዓረቡ በአንድ ገበያ ሲገፋፉ በኖሩበት ቦታ፣ በጠረን ሰውን መፈረጅ ከስድብ ሁሉ የቀለለ ስድብ ነው። ሽታ ሊታይና ሊጨበጥ ስለማይችል ተሰዳቢው የሚከራከርበት ማስረጃ አያገኝም። ከላይ የተዘረዘሩት መንሥኤዎች ግን የቆዳ ድርቀትና ወዝ፣ ላብ፣ ምግብ፣ ሥራና የአየር ሙቀት ናቸው። በእነዚህ ረገድ በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት እኅትማማቾች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ሐዲድ ላይ ቀን የዋለና በጥላ የዋለ ሰው አንድ ዘይት ቢቀቡ፣ ልዩነቱ የሚናገረው ስለ ውሏቸው ነው። ይህን ሳይመረምር ስለ ሕዝብ የሚፈርድ ሐያሲ መዓዛውን ሳይሆን የራሱን ጥላቻ አሽትቷል።

ከዚህም በላይ የሚፈርደው አፍንጫ ራሱ ገለልተኛ አይደለም። የሰው ልጅ 400 ያህል የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉት፤ የእነዚህም አሠራር ከሰው ሰው በውርስ ይለያያል። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሴል እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙትና በ2004 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሥራ የዚህን ዕውቀት በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ በላብ ውስጥ የሚገኘው አንድሮስቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ለአንዱ የሚያስጸይፍ፣ ለሌላው የሚጣፍጥ፣ ለሦስተኛው ጭራሽ የማይሸት መሆኑ ከአንድ ተቀባይ የዘር ቅንጣት ልዩነት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ መዓዛ ላይ ሦስት ተካፋዮች አሉ፦ ቀማሚው፣ ለባሹና አሽታቹ። ለባሹ ደግሞ የራሱን መዓዛ በለመደው መጠን መስማቱን ስለሚያቆም፣ ስለ ራሱ ሽቶ ከሁሉ ያነሰ ምስክር ነው። አንድ አፍንጫ ብቻውን ዳኛ ሊሆን የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለማን ምን እንደሚስማማ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የቼክ ተመራማሪዎች ጥናት ለዚህ ደስ የሚያሰኝ መልስ ይሰጣል። ሰዎች ራሳቸው መርጠው የሚቀቡት ሽቶ ከብብታቸው ጠረን ጋር ሲደባለቅ፣ ተመራማሪዎቹ ከመደቡላቸው ሽቶ ይልቅ በሌሎች አሽታቾች ዘንድ ተወዷል። ሽቶዎቹ ከገላ ተለይተው ሲሸተቱ ግን ይህ ብልጫ አልታየም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሽቶ የሚመረጠው በጠርሙሱ አፍ ሳይሆን በገላ ላይ ነው፤ ምርጫውም ሰውየው ሊያስረዳው የማይችለው፣ ነገር ግን የሚሠራ ዕውቀት አለበት። ዘይቱን በአንጓቸው ቀብተው፣ ጥቂት ቆይተው፣ ለጎረቤት አፍንጫ የሚያቀርቡ የገበያ ሴቶች የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ ጥሩ የዕጣን ዘይት የሚባለው በሁሉ ገላ ላይ አንድ የሚሆነው አይደለም። በሁሉም ላይ አንድ የሚሆን ዘይት ገላውን የሸፈነ እንጂ ከገላው ጋር የተነጋገረ አይደለም። በየገበያው ከሚሸጡት ርካሽ ዘይቶች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ከላይ የከረሜላ ጣፋጭነት፣ ከሥር ጠንካራ ሰው ሠራሽ ምስክ ይዘው፣ «ዕጣን» የሚለው ስም በጠርሙሱ ላይ ብቻ ይቀራል። በደረቅም ሆነ በወዛም ቆዳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ አንድ ቃል ይደጋግማሉ። ሰው ሠራሽ ቅመም በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ድርሰት አለመሆኑ ነው። በአንጻሩ በደረቅ ቆዳ ላይ ምሬቱ አይሎ፣ በወዛም ቆዳ ላይ ጣፋጭነቱ ወጥቶ፣ በሁለቱም ላይ ግን ሙጫነቱ ሳይጠፋ ከሰዓታት በኋላ የሚገኝ ዘይት ሥራው የተዋጣለት ነው። ለማሳጠር ያህል፣ ሐያሲው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሲነሣ ምን ይላል? በየገላው ሲዞር ምን ይለውጣል? ሲያልቅስ ምን ይተዋል?

ይህ ሁሉ የቅንጦት ክርክር የሚመስለው ሰው ቢኖር የሙጫውን ጉዞ ይመልከት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ምዕት ዓመት የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች የከርቤ ዛፍ ከነሥሩ ጭነው መመለሳቸው በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያም ከሶማሌ ጠረፍ ወደቦች ስለሚጫነው ዕጣንና ከርቤ ይተርካል። ዛሬም የኢትዮጵያ ዕጣንና ከርቤ በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚሄደው በጥሬው ነው። ደረጃው የሚወጣለት ደግሞ በቅንጣቱ ትልቅነት፣ በንጣቱና በንጽሕናው ነው፤ ማለት ለአፍንጫ የተፈጠረውን ነገር የሚዳኘው ዓይን ነው። ባሕር ማዶ ተጣርቶ በጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይት ዋጋ የሚወስነው ግን የሠለጠነ አፍንጫ ነው። ሙጫውን የሚለቅሙት የአርብቶ አደር ሴቶችና ልጆች ያላቸው ዕውቀት ከጆንያው ጋር አይመዘንም።

ዛፉም ቢሆን ለዘላለም አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በቦስዌሊያ ፓፒሪፈራ ደኖች ውስጥ ወጣት ዛፎች እየታጡ በመሆናቸው የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ለዓይን ነጭ የሚመስለውን ፍለጋ ዛፍን ያለ ዕረፍት ማድማት፣ መዓዛን ከማያውቅ ገበያ የሚመነጭ ጥፋት ነው።

አማርኛ ሽታን፣ ጠረንን፣ መዓዛን ይለያል፤ የሚያውደውን፣ የሚሰነፍጠውንና የሚከረፋውንም ይለያል። ሶማሊኛም የራሱ ሀብት አለው። እነዚህ ቃላት በኤረር፣ በድሬዳዋና በጅጅጋ ካሉ ቀማሚ እናቶች አፍ ተሰብስበው ሊመዘገቡ፣ በትምህርት ቤትም ሙጫው በልጆች አፍንጫ ፊት ቀርቦ ስሙን ሊያገኝ ይገባል። የባህል ሠራተኛው የዳብቃዱን ቅርጽ ብቻ ለሙዚየም ለቅሞ ዑንሲውን ቢተው፣ ዋሽንቱን አንጠልጥሎ ዜማውን እንደ ጣለ ይቆጠራል።