ጥንድ ናቸው ከማለታችሁ በፊት

ሁለት ጥቃቅን ትራንዚስተሮችን ርካሽ መለኪያ ላይ እያፈራረቀ ሰክቶ «ይኸው፣ ሁለቱም 312! ቁርጥ መንታ!» የሚል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ገዢው ይደነቃል፣ ሻጩ በትንሽ ፕላስቲክ አሽጎ «ማችድ» ብሎ ይጽፍበታል፣ ዋጋውም ያድጋል። 312 ጌኑ ነው። በስንት ሚሊአምፒር ተለካ? ዕቃው ስንት ዲግሪ ላይ ነበር? ከተሰካ ምን ያህል ቆየ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

ስለ መነሻው ነገር ብዙ አልደክምም። ቤዙን ከኢሚተሩ፣ ኤንፒኤኑን ከፒኤንፒው መለየት፣ ጀርባው ላይ 1ኤፍ ያለበት ቢሲ847ቢ፣ 3ኤፍ ያለበት ደግሞ ቢሲ857ቢ መሆኑን ማወቅ የማንም ነው፤ የማያውቅ ዳታሺቱን ይክፈት። ርዝመቱ 3 ሚሊሜትር የማይሞላ ዕቃ የሚያዘው በወረንጦ ነው። ቤዝና ኢሚተሩ ላይ ባትሪ ገልብጣችሁ ከ6 ቮልት በላይ አትስጡ፤ ጌኑን ትገድሉታላችሁ። በቃ፣ እንለፍ።

ጥንድ የሚባሉት እኩል ከረንት ሲያልፍባቸው በቤዝና በኢሚተር መካከል ያለው ቮልቴጃቸው የሚገጥም ናቸው። ጌን ተከታይ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው ራሱ ከ200 እስከ 450 ጌን ያለውን ሁሉ ቢሲ847ቢ ብሎ ይሸጠዋል። አንዱ 250፣ ሌላው 300 ሆነው ቮልቴጃቸው ከገጠመ ሸጋ ጥንድ ናቸው። ሁለቱም 312 ሆነው በ5 ሚሊቮልት ከተለያዩ ግን አንዱ ከሌላው 20 በመቶ ያህል የበለጠ ከረንት ያሳልፋል። ልዩነቱ 18 ሚሊቮልት ከደረሰ እጥፍ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ለሚል፣ ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት ያገኘበትን የድምፅ ማጣሪያ ይመልከት፤ ትራንዚስተሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከታች ወደ ላይ የተደረደሩበት ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ካሴት ላይ ከአኮርዲዮኑ ጋር የተጫወተው ሲንተሳይዘር የሙግ ስም ያለበት ነው። በእንዲህ ያለ ማጣሪያ የታችኛው ጥንድ ካልገጠመ ማጣሪያውን በፍጥነት በከፈታችሁና በዘጋችሁ ቁጥር ከዜማው ጋር «ዱብ» የሚል ድምፅ አብሮ ይወጣል። ዱብታውን ሰምቶ ስፒከር የሚቀይር ሰው ደግሞ ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሙቀት። ተለማማጆቼ ሲሰለቹኝ አሁንም ሙቀት፣ ትናንትም ሙቀት ይላሉ፤ ይበሉ። ትራንዚስተር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የቤዝና የኢሚተሩ ቮልቴጅ 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። 2 ሚሊቮልት በከረንት ሲታሰብ 8 በመቶ ገደማ ነው። በሐምሌ ጠዋት ክፍሉ 15 ዲግሪ ይሆናል፣ ጣታችሁ 30። በጣት ተጭኖ ሶኬቱ ውስጥ የገባ ትራንዚስተር እስከ 30 ሚሊቮልት ሊዋሻችሁ ይችላል ማለት ነው። አንዱ ቀዝቅዞ ይለካል፣ ሌላው ከጣት ሞቆ ይለካል፣ ከዚያ «አይገጥሙም» ተብለው ይጣላሉ። የባሰውም አለ፤ የማይገጥሙት በጣት ሙቀት ገጥመው ይሸጣሉ።

ጣት ባይነካውም መለኪያው ራሱ ያሞቀዋል። የቢሲ847 ዳታሺት በሶት23 አካል ለእያንዳንዱ ዋት 500 ዲግሪ ይላል። በ5 ቮልት 1 ሚሊአምፒር ብታሳልፉ 5 ሚሊዋት ነው፤ 2 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል፤ 5 ሚሊቮልት ይወርዳል። ከረንቱን 10 ሚሊአምፒር ካደረጋችሁት ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ይጨምራል። እንግዲህ ዕቃውን እየለካችሁት ነው ወይስ እየጠበሳችሁት?

ስለዚህ ኮሌክተሩን ከቤዙ ጋር አገናኙ፤ ከ12 ቮልት በ100 ኪሎኦም በኩል ስጡት። የሚያልፈው 0.1 ሚሊአምፒር ገደማ ነው፤ የሚፈጥረው ሙቀት ከቁጥር አይገባም። እንዲህ ያለ መስመር ሁለት ጎን ለጎን ሥሩ። በአንዱ የማይነቃነቅ ማመሳከሪያ ትራንዚስተር ይቀመጥ፣ በሌላው ተፈታኙ እየተቀያየረ ይግባ። ቴስተሩን 200 ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ገመዶች በሁለቱ ቤዞች ላይ ስታሳርፉ ልዩነቱን ብቻ ያሳያችኋል፤ ያውም እስከ 0.1 ሚሊቮልት ድረስ። ነፋስና ትንፋሽ እንዳይደርስባቸው በክዳን ሸፍኗቸው። ከዚያ ጠብቁ። ቁጥሩ መንሸራተቱን ሳያቆም እስክሪብቶ ያነሣ ሰው ከእኔ ጠረጴዛ ይነሣል።

ሲረጋ ጻፉና ሁለቱን ቦታ አቀያይሩ። 0.4 የነበረው ከዜሮ በታች 0.4 ካልሆነ ጥፋቱ የሬዚስተሮቹ ነው፤ በሬዚስተሮቹ መካከል ያለ 1 በመቶ ልዩነት ብቻውን ሩብ ሚሊቮልት ያመጣል። ሳያቀያይር የለካ አልለካም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው በጀርመኒየም ዘመን ያደጉ ነበሩ። ለሬዲዮ ማጉያ ኤሲ128 ሲያጣምሩ ትዕግሥታቸው ለጉድ ነበር፤ ጀርመኒየም ደግሞ ከሲሊከን ይብሳል፤ የሚያፈሰው ከረንት በየ10 ዲግሪው እጥፍ ይሆናል። ዕቃዎቹን ሰክተው ከጠረጴዛው ዞር ይላሉ፤ ቡና ይቀርባል። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይጠጣል፣ ማንም አይነካም። «ጋሼ፣ እንለካ?» ስንላቸው «በረካው የታል?» ይሉናል። በመጨረሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው መርፌውን ያነባሉ። አጠገባቸው መሳቅም ሆነ ማስነጠስ ክልክል ነበር። ሌላ የማስታውሳቸው የጊታር ማጉያ ጠጋኝ ደግሞ የበየዱትን ቦርድ በዚያው ዕለት አይለኩም። ማታ ይበይዳሉ፣ ጠዋት ይለካሉ። ደንበኛ ቢቆጣም ባይቆጣም ደንታ አልነበራቸውም። ዛሬ መበየጃው ገና ሳይቀዘቅዝ ፎቶ አንሥቶ «ተሳካ» የሚል ትውልድ ላይ ደርሰናል።

ያለቀ ሥራ ስትመረምሩም የምታዩት ይህንኑ የሙቀት ነገር ነው። ሁለቱ ትራንዚስተሮች ተጠጋግተዋል? አንድ የመዳብ ንጣፍ ላይ አርፈዋል? ከቮልቴጅ ሬጉሌተሩ ርቀዋል? አንዱ ለሬጉሌተሩ ቀርቦ በ3 ዲግሪ ከሞቀ 6 ሚሊቮልት ሄደ፤ ሲለካ የተደከመው ሁሉ ከንቱ ቀረ። እስከ 0.2 ሚሊቮልት አጣጥሞ ሁለት ጣት አራርቆ የበየደ ሰው አጋጥሞኛል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ብየዳው ያበራል፣ ሁሉም ያደንቀዋል። ለእኔ ግን ያልተጣመረ ሥራ ነው።

ለማጣመር የምትገዙ ከሆነ ከሪል ተቆርጦ ሳይነጣጠል የመጣውን ግዙ፤ ጎረቤታሞቹ ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። በኮሮጆ የተደባለቀውን ተዉት። መጠበቅ የማይሆንላችሁ ከሆነ ደግሞ ቢሲኤም847 አለላችሁ። ሁለቱ በአንድ አካል ውስጥ ናቸው፤ አብረው ይሞቃሉ፣ አብረው ይቀዘቅዛሉ፤ ፋብሪካውም ልዩነታቸው ከ2 ሚሊቮልት እንደማይበልጥ ይፈርምላችኋል። እሱን መግዛት ነውር የለውም። ነውሩ በጣት ያሞቁትን «ማችድ» ብሎ መሸጥ ነው።

ሻጩን በስንት ሚሊአምፒር እንደለካ፣ እስኪረጋ መጠበቁንና ቦታ ማቀያየሩን ጠይቁት። «ጌናቸው እኩል ነው» ብሎ ከመለሰላችሁ የተራ ትራንዚስተር ዋጋ ክፈሉት፤ አንዲት ሳንቲም አትጨምሩ።